ቀብድ ያለባት ወንበር

ከሱቄ ጥግ ላይ ወንበር አለች አንዲት፣
ቀብዷ የተከፈለ፣ ጌታዋ የሞተባት፤
ጣሃ አባ ቢያ ነበር አምና በሰኔ ያዘዘኝ፣
«ሰፋ አርጋት፣ ጀርባዬን ያመኛል» ብሎኝ።
አምስት መቶ ብር ቀብድ፣ ቀሪው ሲረከብ፤
ሳይረከብ ቀረ። ስብሰባ ላይ። ልብ።

የምክር ቤት ወንበሩም ባዶውን ቀረ፤
የሰደቃው ድስት ሳይታጠብ ወሬ ተጀመረ።
«ማን ይግባ?» ይላል ባጃጁ፣ «ማን ይግባ?» ፀጉር ቤቱ፤
ያኔ ያልመረጠው ሁሉ ዛሬ አረገው የቤቱ።

እኔ አናጺ ነኝ። ፖለቲካ አላውቅም፤
ወንበር ግን አውቃለሁ፣ በዚህ አልታማም።
የአገሬ በርጩማ በሦስት እግር ይኖራል፤
አራት እግር የተስተካከለ ወለል ይፈልጋል፣
ሦስት እግር ባገኘው ዳገት ላይ ይቆማል።
ጣሃ ግን አራት አለኝ፣ ባለ መደገፊያ፤
ይሁን አልኩ፤ የእሱ ገንዘብ፣ የእሱ ማረፊያ።

«ማሟያ ምርጫ!» እያለ ድምፅ ማጉያው ዞረ፣
ከአጂፕ እስከ ሂርማታ ዝናብ ላይ አደረ።

መጀመሪያ ታጁ መጣ፣ የመንገድ መሐንዲሱ፤
ከፒካፑ ሳይወርድ እጁን አወዛወዘ።
«አስፋልት!» አለ፤ «አስፋልት!» አልን፤
ጎማው ጭቃ ያዘ።
ወጥተን ገፋነው።
ቲሸርት ሰጠን፤ ለቫርኒሽ መጥረጊያ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ መምህር ዳምጠው፣ ልጄን ሒሳብ ያስተማረ፤
ሰውዬው ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ከመቅድሙ ቀረ፤
«በመጀመሪያ ደረጃ» እንዳለ መብራት ጠፋ፣
በጨለማ አጨበጨብን፣ እንዳይከፋ።

ሐሙስ ለት ዘቢባ መጣች፣ አዋላጇ፣
አንድ ሽቦ የጎደለው ጃንጥላ በእጇ።
ንግግር የለም። ከጥግ ያለችውን አየች፣
«የማን ናት?» አለች።
ነገርኳት።
መዳፏን ጫን አርጋ ነቅነቅ አረገቻት፣
«አንዷ እግር ታጥራለች።»

እውነት ነው። በሩብ ጣት።
ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ተደግፏት፣ ማንም አላለም፤
እኔም አውቄ ነበር። የሟች ዕቃ ብዬ አልነካሁም።

ማታ ለሹክሪያ ነገርኳት፣ እንደ ተአምር አርጌ፤
ሚስቴ ሳቀች፦ «እግር ባየች ልትመርጣት ነው? ወይ ጉዴ!
ደግሞስ እሷ አዲስ አበባ ከሄደች፣ አስበው፣
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጠራው ማን ነው?
የጎረቤታችን ልጅ ወሯ ገብቷል።»
ዝም አልኩ።
ለካ ጥሩ ሰው ሲገኝ ይህም ይታሰባል፤
ወንበሩ ላይ ካስቀመጥነው ከደጃችን ይጎድላል፤
ከደጃችን ካስቀረነው ወንበሩን ማን ይዞታል?
ፒካፑ አልኩ በልቤ። ፒካፑ ይዞታል።

የምርጫው ለት ትምህርት ቤቱ ጭቃ ተጫማ፣
ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ፣ ጃንጥላ ለጃንጥላ ሲላተም፤
አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ገልብጦ ያዘ፣
«ጣሃ የታለ?» አለ። አስመራጯ ልጅ አንገቷን ደፋች፤
«የእሳቸውን ምትክ ነው፣ አባባ» አለች።
«ምትክ?» አለ። አሰበ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ገባ።

እኔ ማንን መረጥኩ? እሱስ የመጋረጃው ነው።
ጣቴ ላይ ያለው የምርጫ ቀለም ይሁን ቫርኒሽ፣
እኔም አልለየው።

ማታ ሱቄን ከፍቼ ወንበሯን ገለበጥኳት።
ያጠረ እግር አይረዝምም፤ አናጺ ሁሉ ያውቀዋል፤
ሦስቱን ረጃጅሞች ነው መቁረጥ፤
ቆረጥኳቸው።
ዝቅ አለች። አትነቃነቅም።

ከሥሯ በጠመኔ ሁለት መስመር ተጽፏል፦
ስም፣ እና ቀሪ ሂሳብ።
ስሙን በታጁ ቲሸርት ጠረግኩት።
ቀሪውን ተውኩት።